ባል የማይነካው ዕቃ

ከራቤል እስከ ዓለም ከተማ እንግሊዝኛ ከኔ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። እንዲህ ደፍሬ የምናገረው ወፍራሙ መዝገበ ቃላት ያለው እኔ ዘንድ ብቻ ስለነበረና ለማንም ስለማላውስ ነው።

ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመቱ ነው፤ መንዝ ውስጥ፣ ዘመሮ አስተምራለሁ። እህቴ ከባሏ ልትፋታ ሽማግሌ ተቀመጠ። ባገራችን ባልና ሚስት ሲለያዩ ሀብታቸውን እኩል ይካፈላሉ። ወንድሟ ብሆንም እጅ ጽሑፌ ያምራል ተብዬ ዕቃውን የምመዘግበው እኔ ነኝ። በሬው፣ ገብሱ፣ በጎቹ ያለ ጭቅጭቅ ተከፈሉ። ባልዬው ግን ብድግ ብሎ፣ «ባናዋም ይቆጠር፤ እንዝርቷም ይቆጠር» አለ።

ያንን ባና እህቴ በልጃገረድነቷ የበግ ጠጉሩን ራሷ ፈትላ፣ ሸማኔ ሠርቶላት፣ ለብሳው የመጣችው ነው። የመንዝ ውርጭ ድንጋይ ያስነጥሳል። ያለ ባና እንዴት ልታድር ነው? ደሜ ፈላ። ትንሽ ብንቆይ ሰውዬው የድመቷንም ጭራ በክንድ አስለክቶ ግማሹን ሊወስድ ነበር።

«አባባ፣ ይስሙኝ» አልኳቸው የሽማግሌዎቹን ታላቅ። «እንግሊዞች ፓራፈርናሊያ የሚሉት ቃል አላቸው። ሥሩ ግሪክ ነው፤ ካህናቱ ጽርእ የሚሉት። ሙሽራ ለትዳሩ ብላ ከምታመጣው ሀብት ሌላ ለራሷ የያዘችው ዕቃ ማለት ነው። ባል አይነካውም፤ አይሸጠውም።»

«ዛሬም እንዲያ ነው የሚሉት?»

ይኸኔ ደግሞ በእንግሊዞቹ ተናደድኩ። ዛሬማ ቃሉ ኮተት ማለት ሆኗል፤ ያገኙትን ግሳንግስ ሁሉ ይጠሩበታል። የሴት ልጅ መብት የነበረ ነገር በሰው አፍ ሲንከባለል ኖሮ ኮተት ሆኖ ቀረ! መደበቅ ስችል ይህንኑ እየጮህኩ ነገርኳቸው።

«ጽርኡን እኔ አላውቀው» አሉ። «ነገሩ ግን እውነት ነው። ለብሳው የመጣችውን ለብሳው ትሂድ። እንዝርቱም የእጇ ነው። ጻፍ።»

ጻፍኩ። በንዴት እስክሪብቶውን ስጫነው ወረቀቱ ሊቀደድ ምንም አልቀረው።

ባልዬው ጋቢውን እያጣፋ ወደ እኔ ዞረ። «እሺ መምህር፣ ባሏ አይነካው ካልክ አልነካም። ያንተ ሚስት ካባቷ ቤት ነድታ ያመጣቻት በግስ ወዴት ደረሰች?»

ሽማግሌዎቹ ሁሉ አዩኝ።

በጓን ሚስቴን ሳልጠይቅ ሸጬ ለራሴ የቆዳ ጃኬት ገዝቼባታለሁ። ያን ቀንም የለበስኩት እሱን ነበር።