ከዳገቱ ጫፍ

ጓንጉል ዲላ ላይ ሱቅ ከከፈተ ጀምሮ ብዙ ዓይነት ሰው አይቷል፤ እንደ እኚያ ሴት ያለ ግን አላጋጠመውም። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ከላይ እስከ ታች ጥቁር የለበሱ፣ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። ባዶ የዘይት ካርቶን ለመኑት። ዕቃ ሊያስሩበት መስሎት ሲባጎ ጨምሮ ሰጣቸው።

«ገመዱ ይቅር፣ ልጄ። ካርቶኑ ግን ጠንካራ ነው?»

ነው አላቸው። በብብታቸው ይዘው ከሱቁ ፊት ለፊት ያለውን ሣራማ ዳገት ቀስ እያሉ ወጡ። ጫፉ ላይ ካርቶኑን ዘረጉ፤ ቀሚሳቸውን በጨዋ ደንብ ሰብስበው ተቀመጡበት። ደክሟቸው ነው ብሎ ፊቱን ሊያዞር ሲል በሁለት እጃቸው መሬቱን ገፉና ቁልቁል ተወረወሩ።

«በስመ አብ!» የሚሰፍረው ስኳር ከእጁ ተደፋ። መንገድ ላይ የነበረ ባጃጅ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጓንጉል ሮጦ ሲደርስ ሴትየዋ ዳገቱ ግርጌ በጎናቸው ወድቀዋል፤ ሻሻቸው ወልቆ ሽበታቸው ላይ ሣር ተሰክቷል።

«እናቴ፣ ምን ነካዎት? ቢሰበሩስ?»

ክንዱን ጨምድደው ያዙት።

«ትናንት ወንድሜን ቀበርነው» አሉ። «ልጆች ሳለን እዚህ በካርቶን ስንንሸራተት ሁልጊዜ ከፊት የሚቀመጠው እሱ ነበር። እኔ ጀርባው ላይ ተለጥፌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምወርደው።»

ዳገቱን ቀና ብለው አዩት። ዓይናቸው እንደፈጠጠ ነው።

«ለካ ከፊት ሲሆኑ እንዲህ ያስፈራል! አንድም ቀን አልነገረኝም እኮ።»