ለአንድ ትምህርት ቤት የሚበቃ ቆርቆሮ

በግንቦት ማለቂያ ከደብረ ማርቆስ ተነሣሁ። ጉዳዬ አጭር ነበር። በትምህርት ጽሕፈት ቤታችን የቀረው ቆርቆሮ ለአንድ ትምህርት ቤት ብቻ ይበቃል፤ ጠያቂዎቹ ግን ሁለት ናቸው፤ ዳንግላና ዘንገና። አለቃዬ «ሄደህ እይ፤ ይበልጥ ለቸገረው እንሰጣለን» አሉኝ። ያላገኘው በክረምቱ ምን እንደሚሆን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

አውቶቡሱ ቡሬ ላይ በሰውና በዶሮ ላይ ሁለት በግ ጨመረ። መንገዱ ጠጠር ነው፤ እንጅባራ ስንደርስ ፊቴን ብጠርግ መሐረቤ ቀይ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ቀርከሃ፣ የገብስ ማሳና ፈረሰኛ አይታጣም።

ዳንግላ

ዳንግላ የአውራጃ ከተማ ናት። ትምህርት ቤቷ ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው፤ የጠየቁት ለተጨማሪ ክፍል ነው። ዲሬክተሩ ብልህ ሰው ናቸው። ሰላምታ ሳንጨርስ የሚያፈስሰውን ማዕዘን፣ የተሰበረውን መስኮት፣ ልጆች ተደራርበው የሚቀመጡበትን ወንበር አሳዩኝ። መሰላል አስመጥተው ጣሪያ ላይ ሊያወጡኝ ሲሉ ይብቃኝ አልሁ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አሉ እየሳቁ።

እውነታቸውን ነው። ልጆቹ በእርግጥ ተጨናንቀዋል።

ዘንገና

በማግስቱ ወደ እንጅባራ ተመልሼ በቅሎ ተከራየሁ። ብር ከስሙኒ ተባልሁ፤ በብር ጨረስሁ። የዘንገናን ሐይቅ በገደሉ አፋፍ ዞሬ ትምህርት ቤቱ ስደርስ የአገሩ ጭቃ ሹም አያ ፈንታ ከሽማግሌዎች ጋራ ደጃፉ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

ክፍሉ የሣር ክዳን ጎጆ ነው፤ ውስጡ ግን አስገረመኝ። አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ግድግዳው ላይ ምንጣፍ ተሰቅሏል፤ ከጣሪያው ሥር ንጹሕ አቡጀዲ ተወጥሯል። ማመልከቻውን የጻፈው ወጣቱ መምህር አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

«የጎደለ ነገር አለ?» አልሁ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምን ይጎድለናል?» አሉ አያ ፈንታ።

ማታ ቤታቸው በግ አርደው፣ ጠላ ቀድተው አስተናገዱኝ። ቆርቆሮው የዳንግላ መሆኑን በልቤ ወስኜ ተኛሁ።

ጠዋት በዝናብ ጉዞ ልጀምር ስል ጃንጥላዬን ክፍሉ ውስጥ መርሳቴ ትዝ አለኝ። ስመለስ ጎረምሶች አግዳሚዎቹን ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲመልሱ አገኘኋቸው። ምንጣፉም አቡጀዲውም የሉም። ልጆቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ገበሬ በዝናብ የሚለብሰውን የሣር ገሳ ክፍል ውስጥ ለብሰው ፊደል ይቆጥራሉ። ጣሪያው ከብዙ ቦታ ያፈስሳል።

«ሰኔ ሲገባ ፈተና ሳይደርስ እንዘጋለን» አለኝ መምህሩ። «ዐምና ስንዘጋ ወደ ቤታቸው ከሄዱት ልጆች ግማሾቹ አልተመለሱም። ዘንድሮ ከተዘጋ የሚከፈትም አይመስለኝ።»

ተናደድሁ። አያ ፈንታን ችግራቸውን ለምን እንደሸሸጉኝ ጠየቅኋቸው።

«ገመናችንን ለእንግዳ እናስጣ?» አሉ። «ድኻ ብለው ሊጽፉን አይደል? እኛ ምጽዋት ለምነን አናውቅም።»

«ምጽዋት ማን አለ? የትምህርት ግብር አይከፍሉም?»

«በያመቱ። ከመሬቱ ግብር ጋራ።»

«ቆርቆሮው የሚገዛው እኮ በዚያ ነው። ገንዘባችሁ ነው።»

ያልሁትን ለሽማግሌዎቹ በአገውኛ ነገሯቸው። ወንበር የተሸከሙት ጎረምሶችም ቆመው ሰሙ። አያ ፈንታ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ገንዘባችን ከሆነ፣ እስከ ዛሬ የት ቆይቶ ነው?»

አፈርሁ። ጃንጥላዬን እዚያው ክፍል ውስጥ ዘርግቼ ከልጆቹ ጋራ ዝናቡ እስኪያባራ ቆየሁ።

ደብረ ማርቆስ

ቤቴ ገብቼ ጭቃ የጠጣ ጫማዬን ሳወልቅ አንድ ነገር ተምሬ ነበር፤ የቸገረውን ሊያይ የሚሄድ ሰው መምጫውን ባያስነግር ይሻላል። ያየሁትንና የሰማሁትን ሁሉ በማግስቱ ለአለቃዬ ነገርኋቸው። የዳንግላ ልጆች ለሌላ ዓመት ተጨናንቀው እንደሚቀመጡም አልሸሸግሁም።

አለቃዬ «ዳንግላዎች ይቀየሙናል» አሉና ብዕራቸውን አንሥተው «ለዘንገና ይሰጥ» ብለው ጻፉ።

«‹ይመለስ› ቢሉት ይሻል ነበር» አልሁ።

ሳቁብኝ። «ተበድረናቸው ነበር እንዴ?»

«በያመቱ» አልሁ።

ሳቃቸውን አቆሙ። «ይሰጥ» የሚለውን ሰርዘው «ይመለስ» ብለው ጻፉ።