ባና ሙኩካ ለሚኒባሷ ኢንሹራንስ የመረጠች ዕለት

በዛምቢያዋ ንዶላ ከተማ ውስጥ፣ ቺፉቡ ሰፈር፣ ሠርግ የደገሰ ቤት ሁሉ ባና ሙኩካን ያውቃታል። ባና ሙኩካ ማለት የሙኩካ እናት ማለት ነው፤ እናትና አባቷ ባወጡላት ስም ከእህቶቿ በቀር የሚጠራት የለም። ሥራዋ ማቴቤቶ ማድረስ ነው። የሙሽሪት ወገን ለሙሽራው ቤት የሚያበስለውን ያን ሁሉ ድግስ፣ ሙሉ ሙሉውን የአገር ዶሮ፣ በኦቾሎኒ የተሠራውን ጎመን፣ የተጠበሰውን አባጨጓሬ፣ ከነድስቱና ከነአብሳዮቹ በአሮጌ ነጭ ሚኒባሷ ጭና ትከንፋለች። ሴቶቹ ከኋላ ይዘፍናሉ፣ እሷ ከፊት ትቀበላለች፣ መንገደኛው ቆሞ ያጨበጭባል። መንጃ ፈቃድ ያወጣችው ልጆቿን ድራ ከጨረሰች በኋላ ነው። መጀመሪያ መሪ የጨበጠች ቀን ባሏ፣ የሙኩካ አባት ባሺ ሙኩካ፣ አጠገቧ ተቀምጦ በፍርሃት ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ ዛሬ ዓይኑን የሚጨፍነው እንቅልፍ ወስዶት ነው።

ባሺ ሙኩካ ከማዕድን ማውጫው ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሚኒባሷን እንደ መጨረሻ ልጁ ያያታል። በየማለዳው በራሱ የገላ ሳሙና ያጥባታል።

“አንድ ቀን እኔንስ እንዲህ ብታሻሸኝ?” ትለዋለች ሚስቱ።

“አንቺን ዝገት አያሰጋሽማ!”

ኢንሹራንሱን የምትገዛው ገበያው ጥግ ካለችው ጠባብ ቢሮ፣ ከወኪሉ ከባ ጄሬ ነው። ባ ጄሬ በነገዱ ንጎኒ ነው፣ እሷ ቤምባ። ቤምባና ንጎኒ ደግሞ የቀልድ ዘመዳሞች ናቸው፤ አያት ቅድመ አያቶቻቸው በጦር ተዋጉ፣ የልጅ ልጆቹ በምላስ ይዋጋሉ፣ ቀብር ላይ እንኳ ሳይቀር። መቀየም አይቻልም። ያኮረፈ ነውረኛ እሱ ነው።

“መጣሽ፣ አንቺ ጦጣ በሊታ!”

“እንደምን አደርክ፣ አይጥ ጠባሽ! ከስተሃልሳ፣ ቁርስህ ጉድጓድ ገብቶ አመለጠህ?”

ባለፈው ዓመት ውሉን ሲያድስላት ባ ጄሬ እንዲህ አላት፦ “የያዝሽው እኮ ለቤት መኪና የሚሆነውን ትንሹን ነው። እነዚያ ዘፋኞችሽ ከነድስታቸው ቢገለበጡ ሰባራ ሳንቲም አያገኙም። አንቺን ሸጠው ነው የሚታከሙት፣ ያውም ገዢ ከተገኘ!”

ባና ሙኩካ ጠረጴዛውን ይዛ እስክትንፈቀፈቅ ሳቀች። እቤቷ ገብታ ለባሏ አወራችው፤ ለአብሳዮቹ አወራችው፤ እነሱም ሳቁ። ዓመቱን ሙሉ ተሳቀበት።

ከዚያ በሌላ ከተማ አንድ የኪራይ ሚኒባስ ከማቴቤቶ ሲመለስ ተገለበጠ። የአንዲት ሴት ዳሌ ተሰበረ። ኢንሹራንሱ “በኪራይ የተሳፈረ ሰው አይመለከተኝም” አለ፤ ባለመኪናው ስልኩን ዘጋ። ወሬው ቺፉቡ ሲደርስ ማዮ ቺሌሼ ወደ ባና ሙኩካ ግቢ መጡ። ማዮ ማለት እናቴ ማለት ነው፤ ማዮ ቺሌሼ ሙሽሮችን የሚመክሩ፣ አብሳዮቹንም የሚመሩ ትልቅ ሴት ናቸው። ወንበር ቢቀርብላቸው አልተቀመጡም።

“ልጄ፣ እኛ ብንገለበጥስ? ማን ያሳክመናል?”

ባና ሙኩካ የባ ጄሬ ቀልድ ትዝ አላት። አልሳቀችም።

“ቅዳሜ ማቴቤቶ አለን” አሉ ማዮ ቺሌሼ። “መልስ ካገኘሽ እንሳፈራለን። ካላገኘሽ በእግራችን ነን፤ እናቶቻችን በእግራቸው አይደል ያደረሱት?”

ሌሊቱን ስታሰላስል አደረች። ዕድሜ ልኳን ምግብ ስታቀርብ ቆማ የኖረች ሴት ናት፤ አሁን ደግሞ ሰው በር ላይ ወጥቶ “ባና ሙኩካ መጣች!” ይላል። ይህ ሊቀርባት ነው።

በማግስቱ ባሏን አስከትላ ቢሮ ገባች።

“መጣሽ፣ የጦጣ...”

“ባ ጄሬ፣ ለአንድ አፍታ ዝምድናችን ይቁም። ያኔ ያልከኝ ቀልድ ነበር ወይስ እውነት?”

ባ ጄሬ መነጽሩን አወለቀ። “እውነት ነበር።”

“ታዲያ ለምን እያሳቅህ ነገርከኝ?”

“ለቤምባ በምን ልናገር? ኮስተር ብል ታመመ ብለሽ ሐኪም ቤት ትወስጂኝ ነበር።”

ሳቋ መጣ፤ ዋጠችው።

“ሙሉውን ስጠን!” አለ ባሺ ሙኩካ። “ብትጫር እንኳ የሚያስቀባውን!”

ባ ጄሬ ጣቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። “በያዛችሁት ገንዘብ ከሁለት አንዱን ነው። ሙሉውን ብትገዙ የራሳችሁን መኪና ይጠግናል፣ ለሌላ ሰው የሚከፍለው ግን ዝቅተኛው ጣሪያ ላይ ይቆማል፤ አብሳዮቹንም አያካትትም። ወይም የራሳችሁን መኪና ትተዋላችሁ፣ ለሦስተኛ ወገን፣ ለተገጨ ሰው፣ የሚከፈለውን ጣሪያ ከፍ ታደርጋላችሁ፣ በኪራይ የሚሳፈሩትንም ታስገባላችሁ።”

“እሷስ? ሜዳ ላይ ትቅር?” ባሺ ሙኩካ በመስኮቱ ወደ ሚኒባሷ አየ።

“ውስጧ የሚቀመጠው ማን ነው?” አለችው ሚስቱ።

“ድስቱ” አለና አፈረ። “ሴቶቹም።”

“ባ ጄሬ፣ ሚኒባሷ ብትደቅ የምናጣው ምንድን ነው?”

“ሚኒባሷን።”

“መንገድ ላይ ሰው ብገጭስ? ማዮ ቺሌሼ ወገባቸው ቢሰበርስ?”

“እሱን ሐኪሙና ዳኛው እስኪናገሩ ማንም አያውቅም። ቤታችሁን ሊያሸጥ ይችላል። ጣሪያውን ከፍ አድርጊ የምለው ለዚህ ነው።”

“ሰዎቹን” አለች ባና ሙኩካ። “ሰዎቹን ጻፍልኝ።”

ባሺ ሙኩካ ወደ ውጭ ወጣ። ሚኒባሷን አንዴ ዞራት፣ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አደረገና ተመለሰ። “ፍሬኗን ዛሬውኑ አስፈትሻለሁ። ኢንሹራንስ ከሌላት እኔ አለሁላት።”

ባ ጄሬ ጽፎ ጨርሶ ማኅተሙን ካሳረፈ በኋላ ቀና አለ። “አሁንስ ዝምድናችን ተመለሰ?”

“ተመልሷል።”

“እንግዲያው ስሚ፤ ይህ ውል ለሰው ብቻ ነው። ጦጣ ጭነሽ ብትገለበጪ አንከፍልም!”

የዋጠችው ሳቅ በሙሉ ወጣ፤ ሽንኩርት ሻጮቹ ከውጭ ዞር ብለው አዩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሴቶቹ ድስት ድስታቸውን ተሸክመው በሯ ላይ ቆሙ።

“ብንገለበጥ ትታከማላችሁ” አለቻቸው። “የገጨሁትም ሰው ይታከማል። ግን ጣሪያ አለው፣ ማዮ፤ ማለቂያ የለውም ብዬ አልዋሽዎትም። ሚኒባሷ ራሷ ምንም የላትም።”

ማዮ ቺሌሼ ድስታቸውን ከራሳቸው አወረዱ። “ያ ስልኩን የዘጋው ባለመኪና ሴቶቹን ‘ሁሉም አለ፣ አታስቡ’ ብሏቸው ነበር አሉ” አሉና የፊቱን በር ከፍተው ገቡ። “ቀስ ብለሽ ንጂ ታዲያ። ሲከፍሉ ለማየት አልቸኮልኩም።”

ማዞሪያው ጋ ሳይደርሱ ዘፈኑ ተነሳ። የሙሽራው ቤት ደርሰው ሴቶቹ እንደ ወጉ ከነድስታቸው በጉልበታቸው እየሄዱ ሲገቡ፣ ባና ሙኩካ መሪዋ ላይ ተደግፋ ትስቅ ነበር። አንዲት የማታውቃት ሴት በመስኮቱ ጎንበስ አለች።

“እህቴ፣ የኔም ልጅ በመጪው ወር ልታገባ ነው። ባዶ ቅዳሜ አለሽ?”