ለጾም ወፍጮ በሞራ የቀባሁት ማርሽ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ዕለት ነው። በሰው ፊት ብዙ የማልናገር ሰው ነኝ። የዚያን ቀን ግን መናገር ግድ ሆነብኝ፤ ለዚህ ነው የማልረሳው።

ሆሊውድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ እሠራለሁ። በተረፈኝ ጊዜ ዌስት አዳምስ በሚባል ሰፈር በተከራየሁት ጋራዥ ለማሽኖች ማርሽ እሠራለሁ። ከቪዲዮና ከአሮጌ መጽሐፍ ተማርኩ፤ የቀረውን ብረት እያበላሸሁ ነው የለመድኩት። አዲስ ብረት አልገዛም። ከወደቀ መኪና የወጣ አክስል፣ የጎማውን ዘንግ፣ በእሳት አለሰልስና ጥርሱን ፍሬዛ በሚባለው የብረት መቁረጫ ማሽን ቆርጬ መልሼ አጠነክረዋለሁ። ፍቅፋቂውን ለቅሜ ለብረት ሰብሳቢ እሰጣለሁ። ስቆርጥም ከነዳጅ የሚወጣ የማሽን ዘይት አልጠቀምም። ሥጋ ቤት የሚጥለውን ሞራ ወስጄ አቀልጥና አጣራለሁ። ብረቱን በደንብ ያስቆርጣል፣ መርዝም የለውም።

እትዬ ብርቄ ፌርፋክስ መንገድ ላይ የቅመም ሱቅ አላቸው። ሽሮ የሚፈጩበት ወፍጮ ማርሹ ተሰበረ። ፋብሪካው ያንን ዓይነት መሥራት ትቷልና ሙሉ ወፍጮ ይግዙ አሏቸው። «በአንድ ማርሽ ምክንያት ይሄ ሁሉ ብረት ይጣል?» ብለው እኔን ጠሩኝ። ማርሹ ሠላሳ ሁለት ጥርስ ነበረው። ሠርቼ ቅዳሜ ጠዋት ገጠምኩት። ለምግብ የቀረበ ስለሆነ በግራሶ ፈንታ የማርሹን ቤት በሞራ ሞላሁት።

ወፍጮው ድምፁ እምብዛም ስለማይሰማ እትዬ ብርቄ ጆሯቸውን አስጠጉ። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር እየሠራ ነው ወይስ ቆሟል?»

ኮራሁ። እስከ ምሳ ሁለት ጆንያ ሽሮ ተፈጨ።

ዕቃዬን ስሰበስብ ጋሼ ታደሰ የሚባሉ ጡረተኛ ደንበኛቸው ገቡ። «ብርቄ፣ የጾሙ ሽሮ ደረሰ? ቅቤ የነካው እንዳትሰጪኝ፤ አምና ሌላ ቦታ ጉድ ሆኛለሁ።»

«በእኔ ይሁንብዎ ጋሼ። ጠብታ አልነካውም።»

መፍቻውን መልሼ አስቀመጥኩ። ስለ መርዝ ሳስብ ስለ ጾም አላሰብኩም። ወፍጮው ሲሞቅ ሞራው ይቀልጣል፤ ቅባት እንዳያልፍ የሚይዘው ጎማ ደግሞ ማርጀቱን በዓይኔ አይቻለሁ። ዝም ብል ማንም አያውቅም።

«እትዬ፣ አይሽጡላቸው» አልኩ።

«ምን ሆነሃል?»

«ማርሹን የቀባሁት በሞራ ነው።»

ወፍጮውን አጠፋሁና ከጎማው ሥር በነጭ ወረቀት ጠረግኩ። የምስር ፍሬ የምታክል ቅባት ወረቀቱ ላይ ወጣች። እትዬ ብርቄ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዘው አዩት።

«የበሬ ነው?»

«የበሬ ነው።»

«የአሳማ አለመሆኑስ ተመስገን።»

ጋሼ ታደሰ በትራቸውን ተደግፈው፣ «እንግዲያው ሳናዝዝ ቦዘና ሽሮ ሠርቶልናል» አሉ።

እትዬ ብርቄ አልሳቁም። ሁለቱም ጆንያ ላይ «የፍስክ» ብለው ጻፉና ጓዳ አስገቡት። «ያዘዘኝ ሰው ሁሉ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ይመጣል። ምን ልበለው?»

«እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይስጡኝ» አልኩ።

ወፍጮውን ፈታሁ። ማርሹንም መፍጫውንም በፈላ ውሃና በሳሙና ሦስት ጊዜ አጠብኩ። አዲስ ጎማ ገዝቼ ገጠምኩ። ለቅባት የሰሊጥ ዘይትና የንብ ሰም አብሬ አቀለጥኩ። ከመቀባቴ በፊት ግን ጠየቅኩ፤ «እትዬ፣ ሰምስ ለጾም ይሆናል?»

«ጧፍ የሚሠራው ከምን መሰለህ? ይልቅ ቀባው።»

አንድ ሰዓት ሙሉ ሽሮ ፈጭቼ አዲስ ነጭ ወረቀት ከጎማው ሥር አስጠጋሁ። ደረቅ ወጣ። ጋሼ ታደሰ እስኪያልቅ ቁጭ ብለው ጠበቁ፤ ወረቀቱን ተቀብለው በጣታቸው ዳሰሱና የመጀመሪያውን ከረጢት ወሰዱ።

በማግስቱ እትዬ ብርቄ ለመጣው ሰው ሁሉ ምን እንደተፈጠረ ሳይደብቁ ተናገሩ። ስሜ ጠፋ ብዬ ነበር። በዚያው ሳምንት ግን አንዲት የዳቦ ቤት ባለቤት የተሰበረ ማርሽ በጨርቅ ጠቅልላ ጋራዤ ድረስ መጣች።

«ሞራ ነው ብሎ የተናገረው ልጅ አንተ ነህ?» አለችኝ።

ነኝ አልኳት። ዛሬም የሚያስተዋውቁኝ እንደዚያ ብለው ነው፤ ደስ ይለኛል።