ከየሺ እንስራ የጠጣሁት ውሃ

ወረታ፣ ጠዋት

የልጅ ልጄን ብርቱካንን በቀበርን ሰሞን ወደ ይፋግ ተነሣሁ። የሄድኩት ጎረቤታችንን ሸክላ ሠሪዋን የሺን ወደ መንደሯ ልመልስ ብዬ ነው። ብርቱካንን የገደላት ወባ ነው፤ ጤና ጣቢያ ደሟን አይተው ነግረውናል። አጎበራችንም የተቀደደ ነበር። መንደሩ ግን፣ የብርቱካን አባት የሆነው ልጄም ጭምር፣ «ቡዳ ናት፣ በዓይኗ በላቻት» አለ። አጥሯን ሲያቃጥሉባት የሺ ሸክላዋን ጥላ ይፋግ እህቷ ዘንድ ሸሸች።

እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ሸክላ ሠሪ ቤት እህል ውሃ ቀምሼ አላውቅም። እፈራለሁ። ግን በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ስለቆጠርኩ የዮሐንስን መልእክት ራሴ አነባለሁ። ፍጹም ፍቅር ፍርሃትን አውጥቶ ይጥላል ይላል። ከሸክላ ሠሪ በቀር አይልም።

የሚኒባሱ ረዳት በሦስት ሰው ወንበር ላይ አራታችንን ጠቀጠቀን።

«የሦስቱን ሰው ሂሳብም ለአራት አካፍለህ ተቀበለና!» አልኩት።

«እማማ፣ በዚህች ሥጋዎ ነው ወንበር ጠበበኝ የሚሉት?»

ሰው ሳቀ። እኔም ልስቅ ስል ብርቱካን ትዝ አለችኝ።

ከርብ ድልድይ ወዲያ ሜዳው ሁሉ ሩዝ ነው። ከሥሩ ክረምት ጥሎት የሄደው ውሃ እንደተኛ ነው። ወባው የሚፈላበት ውሃ ዓይናችን ሥር ተኝቶ እኛ አንዲት ሴት እንፈራለን።

ይፋግ

ከገበያው ዳር ወርጄ ጭቃውን በእግሬ ተያያዝኩት። በሬ የሚነዳ ጎልማሳ የየሺን እህት ቤት ብጠይቀው አማተበ።

«እናቴ፣ እዚያ ምን አለዎት?»

«ለቅሶ ነው።»

«ማን ሞቶ?»

«የኔው ልጅ።»

በዱላው አሳየኝ።

የሺ ጭቃ ታቦካ ነበር። ስታየኝ ብድግ ብላ ወደ ኋላ ሸሸች። «እማማ፣ አይጠጉኝ!»

«ተነሺ፣ እንሂድ። እኔ ቤት ትቀመጫለሽ።»

«ልጅዎ ባለበት?»

«እንግዲያው ውሃ ስጪኝ።»

«አልሰጥም! ነገ ራስዎን ቢያምዎት የእህቴንም ቤት ያቃጥሉታል።»

እንስራው ደጅ ነበር። ጣሳውን አንሥቼ ቀዳሁ። ግማሹ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። በስመ አብ ብዬ ጠጣሁት።

«ይትፉት! ስለ እመቤቴ ብለው ይትፉት!» ብላ ጮኸች።

ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። ሌላ ምንም አልነበረውም።

አብራኝ አልመጣችም። እስከ መንገዱ ድረስ ግን ከኋላዬ ራቅ ብላ ሸኘችኝ።

ቤት

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ብርድ ብርድ አለኝ። ወረታ ስደርስ ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር። ብርቱካንንም እንዲሁ ነው የጀመራት፤ በዚያው ቀዳዳ አጎበር ሥር አብረን ነበር የምንተኛው።

ልጄ ደጅ ቆሞ ጠበቀኝ። «እማዬ፣ የት ዋልሽ? ምን ሆነሻል?»

መዋሸት እችል ነበር። «የሺ ዘንድ። ከእንስራዋ ጠጣሁ። ያመመኝ ግን ወባ ነው። ጤና ጣቢያ ውሰደኝና በጆሮህ ስማ።»

እሱ ያየው የጤና ጣቢያውን አቅጣጫ አይደለም፤ የይፋግን መንገድ ነው። ክንዱን ያዝኩት። እየተንቀጠቀጥኩም አልለቀቅሁትም።

ወባ ነው አሉ። ሰማ። እስከ ዛሬ ግን የሺን በስሟ አይጠራትም።

የዮሐንስ ቃል የኔን ፍርሃት አውጥቶልኛል። የልጄንና የየሺን ግን አላወጣም፤ መቼ እንደሚወጣም አላውቅም። እኔ ብሞት ሁለት ሰው በላች ይሏታል። ስለዚህ ኪኒኑን አንድም ሳላስቀር እውጣለሁ። ዘንድሮ መሞት አልችልም።