ጫፉ የተቆረጠው የሰርግ መጥሪያ

ሱክላል ከሰው ምንም ነገር መጠየቅ ሞቱ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት አጥር ተጋርተን ስንኖር ጨው እንኳ ከቤቴ ተበድሮ አያውቅም። እንደ ብዙዎቻችን የፊጂ ሕንዶች ሸንኮራ ይቆርጣል፣ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ልጁን ለብቻው ያሳድጋል፣ ማታ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ዝም ይላል። እና ያን ቀን ከላምባሳ ከተማ ተመልሶ ደጄ ላይ ጫማውን ሲያወልቅ፣ አንድ የጨነቀው ነገር እንዳለ ወዲያው ገባኝ።

«ዲዲ፣ ጽሕፈትሽ ያምራል ይባላል» አለኝ፤ ዲዲ በሂንዲ ታላቅ እህት ነው።

«ማነው የሚለው?»

«ሰዉ ሁሉ።»

«ሰዉ ሁሉ ገና ዛሬ ነው ትዝ ያለው? ግባና ተቀመጥ። ምን ሆነሃል?»

ልጁን ፕራሚላን ሊድር ነው። መጥሪያ ሊያሳትም ሄዶ ማተሚያ ቤቱ ከሁለት መቶ በታች አናትምም አለው። እሱ የሚፈልገው ሰማንያ ነው። የሁለት መቶው ዋጋ ደግሞ ሸንኮራ ቆራጭ ወር ሙሉ ወገቡ እስኪቆረጥ ሠርቶ የሚያገኘው ነው። የሙሽራው ወገኖች መጥሪያ ዋና ከተማው ሱቫ ታትሞ የመጣ፣ አምላካችን ጋኔሽ በወርቅ ቀለም የተሣለበት፣ ሲከፍቱት ሽቶ ሽቶ የሚል ነው። እኔ በበኩሌ ለወረቀት ሽቶ ገንዘብ ማውጣት እብደት ነው ባይ ነኝ። ግን የሴት ልጅ አባት ሆኖ ከዚያ ካርድ ጎን የራስን ማስቀመጥ ሌላ ነገር ነው።

ባዶ እጁን ሊወጣ ሲል ከሠራተኞቹ አንዱ ወደ ጓሮ ጠራውና አንድ ካርቶን ወፍራም ወረቀት በርካሽ ሸጠለት። የሆነ መሥሪያ ቤት ለፋይል መሳቢያ አሠርቶት ሳይወስደው የቀረ ነው። የእንቁላል አስኳል የመሰለ ቢጫ፣ እጅ ላይ ከበድ የሚል፣ ቆንጆ ወረቀት። ከታች በስተቀኝ አንዷ ጫፍ ብቻ ተቆርጣለች፤ መሳቢያ ውስጥ ሲደረደር እንዳይገለበጥ ነው አሉ። አይቻታለሁ። ግን ልብ አላልኳትም።

«የመጀመሪያውን ለባይያ ጻፊልኝ» አለ ሱክላል።

ቀና ብዬ አየሁት። ባይያ የሚለው ታላቅ ወንድሙን ራማውታርን ነው፤ ከተነጋገሩ አሥራ አንድ ዓመታቸው። አባታቸው የተከራየው መሬት ውሉ አልቆ የአባታቸው ቤት ሲፈርስ፣ በቆርቆሮ ክፍፍል ተጣሉ። እዚያው ነበርኩ፤ በዛገ ቆርቆሮ ነው የተጣሉት። ራማውታር ወደ ንድሬኬቲ ሄደ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሚስቱ ስትሞት ሱክላል መርዶው ደርሶት፣ አውቶቡስ ሳይጠፋ፣ በእልህ ብቻ ቤቱ ቁጭ አለ። ጥሩ አላደረግክም ብዬ ያኔውኑ ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ።

እኛ ዘንድ መጥሪያ የሚወጣው በቤቱ ታላቅ ስም ነው። አባት ከሌለ በታላቅ ወንድም። የተጣላ ሰው የራሱን ስም ከላይ ቢያደርግ ማንም አይፈርድበትም፤ ሱክላል ግን እምቢ አለ።

«የባይያ ስም ከላይ ይሁን።»

«ሳትጠይቀው?»

«ስሙን ካየ ይመጣል። እሱ ካልመጣ ልጄን ማን ይመርቅልኛል ዲዲ?»

አንጀቴን በላው፤ ክርክሩን ትቼ ብዕሬን አነሳሁ። በሂንዲ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ አሳምሬ ጻፍኩለት። እሱም ተቀብሎ ቤቱ ወሰደና ከአማልክቱ ሥዕል ሥር አኖረው።

የቀሩትን በአራት ቀን ጨረስኩ። በአምስተኛው ቀን አማቴ፣ ሰማንያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ከክምሩ አንዱን አንስታ በጣቷ ዳበሰችና ፊቷ ጠቆረ።

«ማነው የሞተው?» አለችኝ።

«የፕራሚላ ሰርግ መጥሪያ ነው እኮ እማማ።»

«ታዲያ ጫፉን ምን ቆረጠው?»

ያኔ ትዝ አለኝ። ድሮ፣ ወሬ ሁሉ በፖስታ በሚመጣበት ዘመን፣ የመርዶ ደብዳቤ አንድ ጫፉ ተቀዶ ነበር የሚላከው፤ ፊደል የማያውቅ ሰው ገና እንደያዘው እንዲገባው። ልጅ ሆኜ እናቴ እንዲህ ያለ ወረቀት ሳትከፍተው ስታለቅስ አይቻለሁ። እንዴት እንደረሳሁት ዛሬም በራሴ እናደዳለሁ።

ፕራሚላ መቀስ አመጣች። የቀሩትን ሦስት ጫፎች እኩል ቆርጠን አራቱንም እርድ ቀባናቸው፤ ሆን ተብሎ የተሠራ ጌጥ መሰለ። «ከሱቫው ይበልጣል» አለች ልጅቷ፤ ልታጽናናን ይሁን እውነቷን ይሁን እንጃ። ከሥዕሉ ሥር የተቀመጠውን አንዱን ግን ማናችንም አላስታወስነውም። በገዛ እጄ የጻፍኩት እኔም አላስታወስኩትም።

መጥሪያ በእጅ ነው የሚሰጠው፣ ከቢጫ ሩዝ ጋር፣ የቤቱን ባለቤት በስሙ ጠርቶ። ሱክላል በሁለት አውቶቡስ ንድሬኬቲ ድረስ ሄደ። በኋላ እንደነገረኝ፣ ደጁ ላይ ሲደርስ ወንድሙ ከውስጥ ሲያስል ሰማ፤ ሳሉ ቁርጥ የአባታቸው ነው። እግሩ አልራመድ አለው። ካርዱን በበሩ ስንጥቅ ሰክቶ፣ ሩዙን በኪሱ እንደያዘ ተመለሰ። ፈሪ ብዬ ሰድቤዋለሁ።

ራማውታር ትምህርት ቤት አልገባም። የሚለየው ጽሑፍ ሁለት ብቻ ነው፤ የራሱን ስምና የወንድሙን ስም። እነሱንም ልጆች ሳሉ አባታቸው አፈር ላይ በጣቱ እየጻፈ ነው ያስለመዳቸው። የአገሬው ተወላጅ የሆኑት ጎረቤቶቹ ሂንዲ አያነቡም። እና ካርዱን ከበሩ ሲያወጣ ያየው ይህንን ነው፤ ከላይ የራሱ ስም፣ ዝቅ ብሎ የሱክላል ስም፣ አንድ ጫፉ የተቆረጠ ወረቀት።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ልብስ ሳሰጣ፣ አንድ የኀዘን ነጭ የለበሰ ሽማግሌ በመንገዱ ሲመጣ አየሁ። በብብቱ የታጠፈ አዲስ አቡጀዲ ይዟል። አካሄዱን ሳይ ነው ራማውታር መሆኑን ያወቅኩት። ሱክላል ግቢ ለሰርጉ ድግስ የተፈለጠ እንጨት የሰው ቁመት ያህል ተከምሯል። እኛ ሬሳ በእንጨት ነው የምናቃጥለው፤ ሽማግሌው ያን ክምር ሲያይ የወንድሙ ማቃጠያ መሰለው። የአጥሩን እንጨት ይዞ፣ «ወንድሜ፣ ሳልደርስልህ» እያለ ማልቀስ ጀመረ።

ሱክላል ድምፁን ሰምቶ መጥረቢያውን እንደያዘ ከክምሩ ጀርባ ብቅ አለ።

ራማውታር ለቅሶውን አቋረጠ። ቀርቦ የወንድሙን ደረት በእጁ ነካው፣ ትንፋሹን አዳመጠ። ከዚያ በጥፊ መታው።

«ማነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተም፣ ባይያ።»

ካርዱን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋለት። ሳየው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይስጡኝ ላንብብልዎት» አልኩና ተቀበልኩት።

«የሟቹ የቢኬሻር ታላቅ ልጅ ራማውታር፣ የወንድሙን የሱክላልን ልጅ ፕራሚላን ስለሚድር፣ በሰርጉ ላይ እንዲገኙለት በአክብሮት ይጠራዎታል።»

«እንደገና» አለኝ። እንደገና አነበብኩ።

«ጠሪው እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ደግሞ ለኔ ስለተላከ መስሎኝ ስሜ ከላይ የሆነው» አለና እንጨቱ ላይ ቁጭ አለ። አቡጀዲውን ጭኑ ላይ አደረገው፤ መግነዝ ነበር ይዞ የመጣው። «ሰርግ ነው ብትለኝ አልመጣም ነበር ሱክላል። ይህን እወቅ። አሥራ አንድ ዓመት ልነግርህ የቋጠርኩት ብዙ ነበር። አውቶቡሱ ላይ ሁሉም ጠፋኝ።»

ሱክላል መጥረቢያውን ጣለው። «እኔ ለሚስትህ ለቅሶ አልመጣሁም ባይያ።»

«አልመጣህም» አለ ራማውታር፤ በቁጣ አልነበረም። «ቃሬዛ የሚይዘው አራት ሰው ነው። ሁለቱ የእህቷ ልጆች፣ እኔ ሦስተኛ። አራተኛ አጣን። መንገድ መንገዱን ሳይ ቆየሁ፤ አንተን ነበር የማየው። በኋላ ጎረቤቴ ኢሶአ የቤተ ክርስቲያን ልብሱን እንደለበሰ መጥቶ ትከሻውን ሰጣት።»

ሱክላል ተንበርክኮ የወንድሙን እግር ያዘ። ወደ ቤቴ መግባት ነበረብኝ፤ አልገባሁም፤ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ራማውታር እግሩን አላሸሸበትም። ብዙ ቆይቶ እጁን የወንድሙ ራስ ላይ ጫነና የተከመረውን እንጨት ዞር ብሎ አየው።

«በል ተነስ» አለው። «በኔ ስም ሰማንያ ቤት ከተጠራ ይሄ እንጨት አይበቃም።»