ያለጊዜው የነቃ ኮክ

ወንድሜን ማማት ስጀምር ማቆሚያ የለኝም፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቅብኛል። ግን እስቲ ስሙኝና እናንተው ፍረዱ።

አባታችን ከጭሮ በላይ ባለው ዳገት፣ ከቤቱ ጓሮ፣ ስድስት የኮክ ዛፍ ተክሎ ነው ያለፈው። የጎረቤቱ ጓሮ ሁሉ ጫት ሲሆን እናታችን ግን «እኔ በሕይወት እያለሁ ኮኩ አይነካም» ብላ ጠበቀችው። ኮኩ ሲደርስ የመጀመሪያው ቅርጫት ለቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ ሁለተኛው አጥር ለሚጋሩን ሙስሊም ሽማግሌና ለቤተሰባቸው። እኛ ልጆቿ ከዚያ በኋላ ነን። ባሏ ከሞተ ወዲህ የዚህች ሴት ፊት ሲፈታ የማየው በኮክ ወራት ብቻ ነው።

ወንድሜ እዚያው ከእሷ ጋር ይኖራል፤ ሥራው ጫት ነው፤ ያመርታል፣ ሂርና ድረስ ወስዶ ይሸጣል። እኔ የምኖረው ታች ከተማው ውስጥ ነው፤ ገበያው ዳር ጨርቅ እሸጣለሁ። እሁድ እሁድ በባጃጅ ወደ ዳገቱ እወጣለሁ። አምና በኅዳር መጨረሻ አንድ እሁድ ስደርስ ምን ባይ ጥሩ ነው? ወንድሜ የኮኩን ቅጠል ከቅርንጫፉ እየሸመጠጠ ያራግፋል። ሥሩ ላይ ደግሞ የውሃው ጎማ ተለቋል፤ የውሃ መሳቢያው ሞተር ይንደቀደቃል።

«ምን እየሠራህ ነው?» አልኩት።

«እያስነሳሁት ነዋ! ጫቱን በበጋ እንዲህ አድርገን አይደል የምናስነሳው? አሮጌውን ታራግፋለህ፣ ውሃ ትለቃለህ፣ ሌላው ሳይደርስለት ያንተ ለጋው ወጣ። ዘንድሮ እማዬ ለፋሲካ ኮክ ትበላለች።»

«ኮክ ጫት ነው እንዴ አንተ?»

«ሁለቱም ዛፍ አይደሉም?» ብሎ ሳቀብኝ።

ደሜ ፈላ። እዚህ አገር ጫት የሚያውቅ ሰው እግዜር የፈጠረውን ተክል ሁሉ የሚያውቅ ይመስለዋል! ጮህኩበት፣ ሞተሩ የባሰ ጮኸ፣ እሱም ስድስተኛው ላይ እስኪደርስ ሸመጠጠው። እናታችን ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ «ተይው፣ ለእኔ ብሎ እኮ ነው» ትለኛለች። ጭራሽ!

የዚያን ዓመት ታኅሣሥ ደግሞ የለመድነው ብርድ ጠፋ። ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱም ብርድ ልብስ አያስፈልገውም። ለገና ስንሰበሰብ ስድስቱም ዛፎች አብበው ጠበቁን። ያንን የሚያህል ሮዝ አበባ በሕይወቴ አላየሁም። እናቴ መንገደኛውን ሁሉ እየጠራች ታሳያለች፤ ወንድሜ ደረቱን ነፍቶ ጓሮውን ይዞረዋል። እውነት ለመናገር እኔም አምሮኛል፤ ግን ሞቼ ብገኝ አልነግረውም።

ያልተደሰቱት አጥር የሚጋሩን ሽማግሌ ብቻ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከፍሬ ዛፍ ጋር የኖሩ ሰው ናቸው። በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ብዙ አዩትና «ወላሂ፣ አላማረኝም» አሉኝ።

«ምን ሆነ አባባ?»

«የኮክ እንቅልፉ ብርድ ነው ልጄ። ብርዱን ጠግቦ፣ ሙቀቱ ሲረጋ ነው መነሳት ያለበት። ይሄ ሳይጠግብ ተቀሰቀሰ። አሁን ውርጭ ቢመጣ፣ የተኛው የሚችለውን የነቃው አይችለውም። አራስ አስነስቶ ብርድ ላይ እንደ ማቆም ነው።»

ጥምቀት አልፎ ሳምንት ሳይሞላው ውርጩ መጣ። እናቴ በጠዋት ደወለች፤ «ኮኩ!» ብላ ስታለቅስ ባጃጅ ውስጥ እንዴት እንደገባሁ አላውቅም። ሣሩ ነጭ ሆኗል። አበባው ግን ቡኒ ሆኖ ቅርንጫፉ ላይ ተልፈስፍሷል፤ አዲሱ ቅጠልም ጠቁሯል። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ወንድሜ ባዶ እጁን ቆሟል።

አፌን ከፈትኩት። «አባታችንን ሁለተኛ ገደልከው! ሆን ብለህ ነው! ጫት ልትተክልበት ፈልገህ ነው፤ አውቄብሃለሁ!» አልኩት፣ እዚያው እናቴ ፊት። የጠቆረውን ቅጠል ከቅርንጫፉ ይለቅም ጀመር። ይሄ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። መልሶ ቢጮህብኝ ምናልባት ይወጣልኝ ነበር።

ከዚያ አኮረፍኩት። የእኛ ቤት ኩርፊያ ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ስልኩን አላነሳም። ገበያ ውስጥ ሲመጣ ካየሁ ጨርቅ እያጣጠፍኩ ጀርባዬን እሰጠዋለሁ። እናቴን የምጠይቃት እሱ ሂርና የሚወርድበትን ቀን ጠብቄ ነው። እናቴ በየጠዋቱ ያንን የጠቆረ ዛፍ እያየች ትቀመጣለች። ስድስቱም እንደቆሙ ደርቀዋል ብለን ለቅሶ ቤት መስለናል።

የካቲት አጋማሽ ላይ እንደዚሁ ተደብቄ ስወጣ ሽማግሌው በአጥሩ ጠሩኝ። በራችንን ከፍተው ገቡና የአንዱን ዛፍ ልጥ በጥፍራቸው ፋቁት። ከሥሩ አረንጓዴ ነው፤ እርጥብ።

«ሂንዱኔ! አልሞተም» አሉኝ። «የሞተው አበባውና ጫፉ ነው። ኮክ እንዲህ ሲመታ ከወፍራሙ ግንድ ላይ የተኛ ዓይን አለው፤ ሙቀቱ ሲረጋ ከዚያ ቡቃያ ያወጣል። ጊዜ ይፈልጋል። ዘንድሮ አያፈራም፤ ለከርሞ ግን ያፈራል፣ ኢንሻ አላህ። እኔ ነገ ቦርደዴ ልጄ ዘንድ እሄዳለሁ፣ እቆያለሁ። ለወንድምሽ ንገሪው፣ እንዳይነካው።»

«እሺ አባባ» አልኳቸው።

አልነገርኩትም።

ምን ብዬ ልንገረው? አኩርፌዋለሁ እኮ! ሰው እያኮረፈ ደግሞ የምሥራች ይናገራል? ይቅለጥ አልኩ። ይብገን፣ እንቅልፍ ይጣ። ዛፉ በራሱ ጊዜ ቅጠል ሲያወጣ ፊቱ ቆሜ «አየህ? ያላንተ ውሃ ተነሳ» የምለው ቀን ናፈቀኝ። ለእናቴ ልነግራት አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ማታውኑ እንደምትነግረው ስለማውቅ ዋጥኩት። አጠገቧ ተቀምጬ ስትተክዝ እያየኋት ዋጥኩት!

መጋቢት ሲገባ አንድ ቀን፣ ሂርና ሄዷል ብዬ ከባጃጁ ስወርድ የመጥረቢያ ድምፅ ሰማሁ። ሮጬ ገባሁ። ስድስቱም መሬት ላይ ናቸው። ወንድሜ ላብ አጥምቆት የመጨረሻውን ቅርንጫፍ ይጎትታል።

«ይኸው! ደስ አለህ? ጫትህን ትከልበታ እንግዲህ!» ብዬ ጮህኩ።

በጣቱ ወደ ግድግዳው ጥግ አሳየኝ። ስድስት ችግኝ በላስቲክ ተደርድሯል። የኮክ ችግኝ ነው።

«ከሂርና ነው ያመጣሁት» አለ ቀስ ብሎ። «እማዬ በየጠዋቱ የደረቀውን እያየች ታለቅሳለች። አላስቻለኝም እታለም። ጥፋቴን በአዲስ ልተካላት ብዬ ነው።»

እናቴ ጎንበስ ብላ ከወደቀው ግንድ ላይ የሆነ ነገር ትነካለች። ከወፍራሙ እንጨት ላይ አንድ ቡቃያ ወጥቷል፤ የስንዴ ፍሬ ያክላል። ወንድሜ መጣና አየ፤ ልጡን በመጥረቢያው ጫፍ ፋቀው። አረንጓዴ። ሁለተኛውን ግንድ ፋቀ፣ ሦስተኛውን ፋቀ። ከዚያ መጥረቢያውን ጣለና መሬት ላይ ዘጭ አለ።

«በሕይወት ነበሩ» አለ።

እናቴ ራሱን ዳበሰችው። «ተወው የኔ ልጅ። ምን ታደርግ? ማን አወቀ? ያወቀ ሰው ቢኖር ይነግረን ነበር።»

እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝ፤ ዓይኑ ደም መስሏል። ተነስቶ መጣና ጉልበቴን ያዘ፤ «ልክ ነበርሽ እታለም። ይቅር በይኝ» አለኝ።

እናቴም በልመና ታየኛለች።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት።